የጨው ጓንት

ሰጠኝ ገብረ አማኑኤል የዋግ ኽምራ የመካከለኛ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮን ነው። ማዕረጉን ከያዘ ዓመታት አልፈዋል፤ እስካሁን የነጠቀው የለም። ያልተነጠቀበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በሰቆጣም ሆነ በደሃና፣ በጋዝጊብላም ሆነ በዝቋላ በዚያ ሚዛን ቦክስ የሚጫወት ሌላ ሰው የለም። በየዓመቱ የዞኑ ውድድር ሲደርስ ሰጠኝ ቁምጣውን ለብሶ ወደ ሜዳው መሀል ይገባል፤ ተጋጣሚው በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ይጠበቃል፤ እንደገና ይጠራል። የሚመጣ ሲጠፋ ዳኛው የሰጠኝን እጅ ወደ ላይ ያነሳና አሸናፊነቱን ያውጃል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። እኔም አጨበጭባለሁ፤ ጎረቤት ነኝ፣ ዝም ብል ያስወቅሰኛል።

ከዚያ ወደ ክልል ውድድር ይሄዳል። እዚያ ተጋጣሚ አለ።

የሚመለሰው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መልክ ነው፤ ዓይኑ አብጦ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ በእጁ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ይዞ። ወረቀቶቹን ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፏቸዋል። ማንበብ የማይችል እንግዳ ሲገባ በጣም ይደነቃል።

እኔ ብዙነህ እባላለሁ፤ ጫማ ሰፊ ነኝ። ከሰጠኝ ጋር አጥር ለአጥር ነን። ቦክስ አልወድም። ሰው ሰውን የሚመታው ድንበር ገፍቶት ወይም ሰድቦት ከሆነ ይገባኛል። በማያውቁት ሰው ላይ ተነስቶ፣ ያውም አስቀድሞ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ቡጢ መሰንዘር ግን የጤና አይመስለኝም። ይህን ለሰጠኝ በፊቱ ነግሬዋለሁ። «ልክ ነዎት አያ ብዙነህ» ይለኛል። በማግስቱ ጧት ተነስቶ ግቢው ውስጥ አየር ሲደበድብ አየዋለሁ።

ሥራው ጨው መሸከም ነው። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው ሰቆጣ ሲደርስ ከመኪና አውርዶ መጋዘን የሚያስገባው፣ ከመጋዘን አውጥቶ የገበሬው አህያ ላይ የሚጭነው እሱ ነው። በወጣትነቱ ለቀን ሥራ ኮምቦልቻ ወርዶ ጥቂት ቆይቷል። ከኮምቦልቻ የሚመለስ ሰው ቆርቆሮ ይዞ ይመጣል፤ አቅም ያነሰው ፍራሽ ይዞ ይመጣል። ሰጠኝ የቦክስ ጓንት ይዞ መጣ። እናቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጓንቱን ገልብጣ ገልብጣ አየችና «እንግዲህ ለድስት ማውረጃ ይሆናል» ብላ ተቀበለችው።

ለምን እንደማይተወው አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ። የተቀደደ ጫማውን ሊያሰፋ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

«አንድ ሰው ብቻ» አለኝ። «አንድ ሰው እፊቴ ቆሞ፣ እሱም መትቶኝ፣ እኔም መትቼው፣ በስተመጨረሻ እጄ ቢነሳ። ይኸ እጄ ሲነሳ ኑሯል፤ ግን ማንንም አሸንፎ አይደለም። አየር ነው ያሸነፍኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እተወዋለሁ።»

አሳዘነኝ። እንደዚያ ዓይነት ምኞት በገንዘብም በርስትም አይገዛም። ጫማውን በደንብ ሰፋሁለት፤ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም።

ዓምና ከክልሉ ውድድር ሲመለስ ግን ሁለቱም ዓይኖቹ ተዘግተው ነበር። ሚስቱ ተዋበች መናኸሪያ ድረስ ሄዳ፣ እጁን ይዛ እየመራች፣ ገበያውን መሀል ለመሀል አቋርጣ ወደ ቤት ወሰደችው። የገበያ ቀን ነበር። አንድ ከዝቋላ የመጣ ገበሬ ዓይነ ስውር መስሎት ሳንቲም እጁ ላይ አስቀመጠለት። ሰጠኝ አመሰገነ። ተዋበች ያን ቀን አልረሳችውም።

ቤት ከደረሱ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ተዋበች ለወትሮው በአማርኛ ነው የምትቆጣው፤ የምር ስትቆጣ ወደ ኽምጥኛ ትገባለች። ያን ዕለት አንድም የአማርኛ ቃል አልሰማሁም። በማግስቱ ልብሷን ሸክፋ ጋዝጊብላ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። ሰጠኝ ዓይኑ እስኪገለጥ ጠበቀና ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እኛ ዘንድ አላለቀም። «ካላቆመ አልመለስም» አለች፤ «አንድ ሳላሸንፍ አላቆምም» አለ። በመጨረሻ የሁለቱም የነፍስ አባት መምሬ ወልደ ኢየሱስ ተጠሩ። መምሬ ነገር ማስረዘም አይወዱም። ሁለቱንም እፊታቸው አቆሙ።

«ሰጠኝ፣ አንድ ውድድር ፈቅጄልሃለሁ። ከዚያ በኋላ ጓንት እጅህ ላይ እንዳይገባ።»

«እሺ አባ» አለ። ያን ያህል የተቸገረም አልመሰለኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከዘንድሮ በኋላ ደንቡም አያስመዘግበውም።

«ተዋበች፣ አንቺ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ስለ ቦክስ ክፉም ደግም እንዳትናገሪ። ተው አትበይው፣ በርታም አትበይው። አንድ ቃል!»

«እሺ አባ።»

መምሬ መስቀላቸውን አወጡ። «ገዝቻችኋለሁ» አሉ።

ግዝት በእኛ አገር ጨዋታ አይደለም። ፍርድ ቤት የፈረመውን የሚክድ ሰው አይቻለሁ፤ የነፍስ አባቱን ግዝት ጥሶ ደህና እንቅልፍ የሚተኛ ግን አላየሁም። ሁለቱም መስቀል ተሳልመው ወጡ። ለሰጠኝ ከዚህ በኋላ የቀረው አንድ ውድድር ብቻ ነው። አሸነፈ አሸነፈ፤ ካላሸነፈ አየር እንዳሸነፈ ይቀራል።

እዚህ ላይ አሰልጣኙ ይገባል። ምስክር ይባላል፤ የስፖርት መምህር ነው። ሰው መትቶ አያውቅም፤ ሰውም መትቶት አያውቅም፤ የቦክስ ዕውቀቱን በሙሉ ያገኘው ከስልኩ ነው። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ እየሮጠ ወደ ሰጠኝ ግቢ ገባ። እኔም በአጥሩ ቀዳዳ ተጠርቼ አየሁ። ስልኩ ላይ አንድ ፈርጣማ ሰውዬ ክብደት ያለው ጓንት አጥልቆ ባዶ አየር ይመታል።

«ይኸውላችሁ!» አለ ምስክር። «ጓንቱ ውስጥ ክብደት አለበት። ከባዱን አጥልቆ ይለማመድና የውድድሩ ቀን ሲያወልቀው እጁ ይቀለዋል። ማንም አይቀድመውም። የቦክስ ከረጢት በሱ አይመታም፤ የእጅ አንጓ ይጎዳል። አየር ብቻ!»

«አየርማ ለምጃለሁ» አለ ሰጠኝ።

እንዲህ ያለ ጓንት ሰቆጣ አይሸጥም። ስለዚህ መሥራት ነበረብን። መጀመሪያ አሸዋ ሞላንበት። አሸዋው በስፌቱ እየሾለከ፣ ቡጢ በተሰነዘረ ቁጥር ወደ ምስክር ዓይን ይበር ጀመር። ምስክር እያለቀሰ ማሰልጠን አልቻለም። ቀጥሎ «ማሽላ እንሙላበት» አለ። ያኔ ተቆጣሁ።

«በእህል ነው ሰው የሚመታው? ዋግ ተወልደህ ነው እንዲህ የምትል? የእኔ እናት አንዲት ፍሬ መሬት ላይ ብታይ ጎንበስ ብላ አንስታ፣ እፍ ብላ፣ ወደ ስልቻው ትመልሳት ነበር። ይህን አይቶ እግዜር አይታዘበንም?»

ምስክር ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሰጠኝም ትንሽ አሰበና «ጨውስ?» አለ።

ጨው ከባድ ነው። ጨው እጁ ላይ ነው፤ ከመጋዘን ጠርጎ የሚያወጣውን ስብርባሪ ባለቤቱ አይጠይቀውም። ጨው ዓይን ውስጥ ቢገባ ያቃጥላል እንጂ አያሳውርም። እኔ ከአሮጌ የፍየል ስልቻ ሁለት ከረጢት ቀድጄ፣ በጫማ ክር ሰፍቼ፣ ከጓንቱ ጀርባ ላይ እንዲታሰር አደረግሁ። ጨውን አድቅቀን ጢም አድርገን ሞላንበት። ስልኩ ላይ ያለው ሰውዬ የሚያጠልቀው ከዚህ በጣም ያነሰ መሆኑን ምስክር አልደበቀም። ሰጠኝ ግን «ጥቂቱ ከጠቀመ ብዙው ይበልጥ ይጠቅማል» አለ። ጨው ተሸካሚ ነውና በጭነት ጉዳይ ማን ይከራከረዋል?

ፍየል ጨው እንደምትወድ የማያውቅ ሰው ዋግ ውስጥ አይገኝም። እኔም አውቃለሁ፣ ሰጠኝም ያውቃል። ተዋበች ደግሞ ዳልቻ የምትባል አንዲት ፍየል አለቻት፤ ግቢው ውስጥ እንደ ልቧ የምትዞር። እኛ ግን ጓንት ነው የሠራነው። ጓንት ሲባል ጓንት ነው ብለን አሰብን እንጂ ጨው የተሞላ የፍየል ቆዳ ግድግዳ ላይ እየሰቀልን መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም። ወይም ሦስታችን ልብ አላልንም።

ልምምዱ ጧት ጧት ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን የሰጠኝ እጅ አገጩን ሊሸፍን ቀርቶ ከእምብርቱ በላይ አልወጣ አለ። ምስክር «እጅህን አንሳ! አገጭህን ጠብቅ!» እያለ ይጮኻል። ሰጠኝ ያነሳል፤ ይወርዳል። እኔ ከአጥሩ ማዶ ጫማ እየሰፋሁ ቡጢው ሲነሳ አይቼ፣ ጎንበስ ብዬ አንድ ቀዳዳ ወግቼ ክር አሳልፌ ቀና ስል፣ ቡጢው ገና መንገድ ላይ ነበር። ልምምዱ ሲያልቅ ጓንቱን በረንዳው ግድግዳ ላይ ካለው ላይኛው ኩላብ ላይ ይሰቅለዋል። ከሱ በታች ሌላ ኩላብ አለ፤ የፍየሏ ገመድ የሚንጠለጠልበት ነው።

ተዋበች ከጓዳ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ጓዳ ትመላለሳለች። ታያለች። አንድ ቃል አልወጣትም።

ነገሩ እየከፋ ሄደ። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆው ጥርሱ ላይ ይንቀጫቀጫል። መጋዘን ውስጥ አንድ እስር ጨው ከትከሻው አምልጦ ከባለ መጋዘኑ እግር አጠገብ ወደቀ፤ ባለ መጋዘኑም «ቦክስህን ወይም ሥራህን ምረጥ» አለው። ከሁሉ የባሰው ግን የግንቦት ልደታ ዕለት የሆነው ነው። እንደ ደንባችን የሰፈሩ ሰው ከቤት ወጥቶ ዛፍ ሥር ተሰብስቧል፤ ንፍሮውም ወጡም ቀርቧል። መምሬ ወልደ ኢየሱስ ባርከው ተቀምጠዋል። ሰጠኝ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ተዋበች አፍ ሰደደ። እጁ መንገድ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጉርሻው አፏን ስቶ አፍንጫዋ ላይ አረፈ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰጠኝ እንኳ ሊስቅ ሞከረ።

ተዋበች አልሳቀችም። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና የባሏን እጅ አየችው። የጨው ሸክም ያላንቀጠቀጠው እጅ ጭኑ ላይ ሆኖ ይርገፈገፋል። አፏን ከፈተች። መምሬ ማዶ ተቀምጠው ንፍሮ ይቆረጥማሉ። አፏን ዘጋችው።

ከልደታ በኋላ ባለው ሳምንት ሰጠኝ ተሻለው። እጁ ወደ ደረቱ ወጣ። ከዚያ ወደ ትከሻው፤ ከዚያ ወደ አገጩ ደረሰና እዚያው ቆመ። ቡጢው ፈጠነ፤ አሁን ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ሦስቱ አምልጠውኛል። ምስክር ደስታውን መቆጣጠር አቃተው። «ጡንቻ ማለት ይኸ ነው!» እያለ ለአላፊ አግዳሚው ይሰብካል። ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ማየት ጀመሩ። አንዳንዱ ያሸንፋል ብሎ መወራረድ ጀመረ፤ ቀድሞ ስለ ሰጠኝ የሚወራረድ ሰው ቢኖር በየትኛው ዙር እንደሚወድቅ ነበር። ባለ መጋዘኑም «ምርጫው ይቆይ» አለ።

ዳልቻም በዚያው ሰሞን አማረባት። ፀጉሯ አብረቀረቀ፣ ወተቷ በዛ። ተዋበችን «ፍየልሽ ምን አገኘች?» ብላት «ዘመኑ ነው» አለችኝ።

ወደ ደሴ ለውድድር ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው የከረጢቱን ማሰሪያ ላጠብቅ ብዬ ወደ ግቢያቸው ገባሁ። ሰጠኝ ሥራ ላይ ነበር። በረንዳው ላይ ዳልቻ በኋላ እግሮቿ ቆማለች፤ የፊት እግሮቿን ግድግዳው ላይ አሳርፋ፣ አፏን ከረጢቱ ስፌት ላይ ሰክታ፣ ዓይኗን ጨፍና ትልሳለች። ጓንቱ የተሰቀለው በታችኛው ኩላብ ላይ ነው። አባረርኳትና አንስቼ ያዝሁት። ስልቻው ጥርስ እንዳለቀበት ሽማግሌ ጉንጭ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሥሩ ላይ ትንሽ ጨው ቀርቶበታል፤ ቢበዛ ለአንድ ድስት ወጥ የሚሆን።

«ተዋበች!» ብዬ ጮኽሁ።

ከጓዳ ወጣች። እጄን አየች፣ ፍየሏን አየች። አልደነገጠችም።

«ይኸ ጓንት እዚህ ታች ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኛ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልደታ።»

ተቀመጥኩ። «አንቺ ሴት፣ መምሬ ገዝተውሽ የለም?»

«መምሬ የገዘቱት አፌን ነው አያ ብዙነህ» አለች። «እጄን አልገዘቱትም። ስለ ቦክስ አንድ ቃል ተናግሬ እንደሁ ይንገሩኝ። ኩላብ ቀየርኩ እንጂ አልተናገርኩም።»

መምሬ ራሳቸው ቢጠየቁ የሚመልሱት አይመስለኝም። «ነገ እኮ መሄዱ ነው!» አልኳት። «ጠነከርኩ ብሎ ነው የሚሄደው! የጠነከረው እሱ ሳይሆን ፍየሏ ናት! ሄዶ ቢገደልስ?»

ይኼኔ ፊቷ ተለዋወጠ። «ይንገሩት እንግዲህ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ መናገር አልችል።»

ልነግረው ወጣሁ። ሻይ ቤት አገኘሁት፤ ሁለት ሻይ አዘዘ። ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ። ብርጭቆው አልተንቀጫቀጨም። «አያ ብዙነህ፣ ዘንድሮስ አንድ ነገር ይሰማኛል» አለኝና ፈገግ አለ። ሰጠኝ ከውድድር በፊት ፈገግ ሲል አይቼው አላውቅም። አፌን ማንም አልገዘተውም። ሆኖም አልወጣ አለኝ። ሻዬን ጨርሼ «በል በርታ» ብዬው ወጣሁ።

ለሶል የሚሆን ቆዳ የምገዛው ደሴ ስለሆነ አብሬያቸው ሄድኩ። ቆዳው በእርግጥ ለሌላ ወር የሚበቃ ነበረኝ።

የሰጠኝ ተጋጣሚ አንገቱ ከጭንቅላቱ እኩል የወፈረ የከተማ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ምስክር እኔን ፎጣ አስይዞ ማዕዘኑ ላይ አቆመኝ። ደወሉ ሲደወል ፎጣውን ለራሴ ዓይን ተጠቀምኩበት። የቡጢ ድምፅ ሰማሁ፤ ሌላ ሰማሁ። ይህን ድምፅ ከአሁን ቀደም ሲነግሩኝ የሚከተለው የመውደቅ ድምፅ ነበር። አልተከተለም። ፎጣውን ዝቅ አድርጌ አየሁ። ሰጠኝ ቆሟል። እጆቹ አገጩ ላይ ናቸው።

ልጁ ይመታል፤ ሰጠኝ ይሸፍናል። ልጁ ሲመለስ የሰጠኝ ግራ እጅ ተከትላው ትሄድና ግንባሩን ነክታ ትመለሳለች። ብዙም አታሳምም ይሆናል፤ ግን ትደርሳለች። በሁለተኛው ዙር ልጁ ተናደደ፤ በሦስተኛው ደከመው። ሰጠኝ አልደከመውም። ያ ሁሉ ዓመት ጨው የተሸከመ ትከሻ ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል፤ ግራ እጁ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ምስክር አጠገቤ «ጨው! ጨው!» እያለ ይጮኻል፤ የደሴ ሰው ምን እንደሚል አልገባውም።

ዙሩ አለቀ። ዳኛው ሁለቱንም በሁለት እጁ ይዞ መሀል ቆመ። የነጥቡ ውጤት በድምፅ ማጉያ እስኪነገር ድረስ ሰጠኝ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ «ከዋግ ኽምራ» የሚል ተሰማና እጁ ተነሳ። ቀና ብሎ የራሱን እጅ አየው። ከዚያ ዞሮ ልጁን አየው፤ በእርግጥ እዚያ መቆሙን ሊያረጋግጥ ይመስላል። ልጁ ቆሟል፤ ተናዷል፤ ግንባሩ ቀልቷል። ሰጠኝ አቀፈው።

ቦክስ አልወድም ብያለሁ፤ አሁንም አልወድም። ግን አለቀስኩ። በፎጣው።

በማግስቱ ሁለተኛ ተጋጣሚ ገጥሞት እንደ ልማዱ ተሸነፈ። ይህን የጠየቀ ሰው ስለሌለ አላነሳውም።

ስንመለስ ምስክር ከፊታችን ያለው ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ሰጠኝ በመስኮት ተራራ ያያል። ወልድያን ካለፍን በኋላ አላስቻለኝም።

«ሰጠኝ፣ ያ ጓንት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ዳልቻ ልሳዋለች» አለ፣ ከተራራው ዓይኑን ሳይነቅል።

«ታውቃለህ?»

«አያ ብዙነህ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጨው ስሸከም ነው። አንድ ጭብጥ ጨው ቢጎድል ትከሻዬ ያውቀዋል። ደግሞ እኔ የምሰቅለው ላይኛው ኩላብ ላይ ነው። ጧት የማገኘው ታችኛው ላይ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅካትም?»

«ብጠይቃት ልትመልስልኝ ነው። ብትመልስ ግዝቱን ልታፈርስ ነው። በእኔ ጦስ እሷን ኃጢአት ላስገባ?»

«እሺ አትጠይቃት። ጨውን ለምን መልሰህ አልሞላህም? የጨው ሰው እኮ ነህ!»

መኪናው ጠመዝማዛውን ጨርሶ ሜዳ ላይ ሲወጣ መለሰልኝ።

«ልሞላ ነበር። አንድ ጧት ጨውን እጄ ላይ ይዤ ቆሜ አሰብኩ። እንድተወው ብትፈልግ ጓንቱን እሳት ውስጥ ትከተው ነበር፤ ቃል መናገርም አያሻት። አልከተተችውም። አቀለለችልኝ እንጂ። ከዚያ ወዲህ እንደከበደኝ ሆኜ እለማመድ ጀመር።»

ይህን ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሰቆጣ ስንደርስ ሕዝቡ መናኸሪያው ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። ምስክር ያንኑ ቀን ስለ ጨው ጓንት ማስረዳት ጀመረ፤ እስካሁንም ያስረዳል፤ ሰሚ እስካገኘ ድረስ ሌላም ወረዳ ሄዶ ያስረዳል። ልክ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም። እሱን የሚያስተካክል ሰው ቢኖር ዳልቻ ነበረች።

መምሬ ወልደ ኢየሱስ ወደ እነ ሰጠኝ ቤት መጥተው መረቁ። ጓንቱን አስመጥተው አዩት፣ መስቀላቸውን አወጡ። «ሰጠኝ፣ ቃልህን ጠብቀሃል፤ ከእንግዲህ ጓንት አይገባም። ተዋበች፣ ያንቺ ግዝት ተፈታ። እንግዲህ የፈለግሽውን ተናገሪ ልጄ» አሉ። ያን ሁሉ ወር የተጠራቀመ ነገር ሊወጣ ነው ብዬ ወደ በሩ ጠጋ አልኩ።

«እጁን ይታጠብ» አለች ተዋበች። «ምግብ ቀርቧል።»

ሰጠኝ ታጠበ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ሚስቱ ሰደደ፤ ቤቱ በሙሉ እጁን ያያል። ሳይንቀጠቀጥ ደረሰ።

በማግስቱ ጧት ሥራዬ ላይ ተቀምጬ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ሰጠኝ ከመጋዘን ያመጣውን ጨው በረንዳው ላይ ዘርግቶ ከረጢቶቹን እየሞላ ነው። ጢም እስኪሉ ሞላቸው። ጓንቱን እጁ ላይ አላስገባውም፤ ግዝት ነው። ማሰሪያውን ይዞ ተነሳና እንደ ልማዱ ላይኛው ኩላብ ላይ ሰቀለው። ዳልቻ መጥታ ከሥሩ ቆማ ወደ ላይ ታያለች።

ተዋበች ከጓዳው በር ላይ ሆና ታየው ነበር። ከዓምና ጀምሮ ለባሏ ስለዚያ ጓንት ስትናገር የሰማኋት ያኔ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ዝቅ አርገው እንጂ» አለችው። «እዚያ ድረስ በምን ትደርስበታለች?»

እሱም ዝቅ አደረገው።